እኔና አንተ ወይስ እኔና አንቺ?

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። እንደ ሁልጊዜው ከሐዋሳ ነን። ኳኳታ ከሰማችሁ፣ አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ቆርቆሮው ላይ እየተራመዱ ነው።

እሱ፦ ዛሬ የምናወራበት ፊልም ትንሽ ቆየት ያለ ነው፤ በ2005 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ። «ሚ ኤንድ ዩ ኤንድ ኤቭሪዋን ዊ ኖው» ይባላል። የጻፈችውም ያዘጋጀችውም፣ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችውም ሚራንዳ ጁላይ ናት። የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ነው። በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን ካሜራ ዶር ከአንድ የስሪላንካ ፊልም ጋር ተጋርታ ወስዳለች።

እሷ፦ ወደ ፊልሙ ከመግባታችን በፊት ርዕሱን በአማርኛ በለው እስቲ።

እሱ፦ «እኔና አንተ፣ የምናውቀውም ሰው ሁሉ»።

እሷ፦ ለምን «አንተ»? «አንቺ» ቢሆንስ? «እርስዎ» ቢሆንስ?

እሱ፦ ማታ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያልፋል፤ ለሕፃኑም፣ ለሽማግሌውም፣ ለማያውቀውም ሰው። እኛ ግን አፋችንን ሳንከፍት መወሰን አለብን። ታላቄ ነው ታናሼ? አንተ ብለው ይቀየመኛል? አንቱ ብላት አስረጀኸኝ ትላለች? ያንን ስናሰላስል ሰውየው አልፎ ሄዷል።

እሷ፦ እኔ ፊልሙ ራሱ ስለዚያች ቅጽበት ይመስለኛል። ክርስቲን አረጋውያንን በመኪና እያመላለሰች የምትኖር ሴት ናት፤ ቤቷ ስትገባ ብቻዋን ቪዲዮ ትሠራለች። አንድ ቀን የምታመላልሳቸውን አዛውንት ጫማ ልታስገዛ ትሄድና ሻጩን ታየዋለች። ሪቻርድ ይባላል፤ ከሚስቱ ገና መለያየቱ ነው፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፣ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

እሱ፦ ራሱ ነው ያቃጠለው፤ ልጆቹ በመስኮት እያዩት።

እሷ፦ እሺ፣ ጫማ ገዝታ ትሄዳለች። ቤቷ ስትደርስ አንደኛው ጫማ ላይ «እኔ»፣ ሌላኛው ላይ «አንተ» ብላ ትጽፍና እግሯን ትቀርጻለች። አንዱ እግር ይጠጋል፣ ሌላው ይሸሻል። ነካ ያደርገዋል፣ ደንገጥ ብሎ ይመለሳል። ፊት የለም፣ ንግግር የለም። አንድ ሰው ለመጠጋት ስንት ጊዜ ሐሳቡን እንደሚቀይር በሁለት ጫማ አሳየችኝ። ሦስት ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ።

እሱ፦ ለእኔ ግን ትልቁ የመንገዱ ነው። ሁለቱም ወደየመኪናቸው ሊሄዱ ጎን ለጎን ይራመዳሉ። ክርስቲን አንድ ማስታወቂያ ታሳየውና «ያ የመንገዱ አጋማሽ ነው» ትለዋለች። ከዚያ መንገዱን የሁለቱ ግንኙነት ያደርጉታል። መጀመሪያ የወራት ፍቅር ነው፤ ቀጥሎ የሃያ ዓመት፤ በመጨረሻ ዕድሜ ልካቸውን ይሆናል። ጥጉ ላይ ሲደርሱ አርጅተው ይሞታሉ። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ አብረው ኖረው ጨረሱ።

እሷ፦ ከዚያ ይለያያሉ። እሷ ግን ተመልሳ መጥታ መኪናው ውስጥ ትገባለች።

እሱ፦ እሱም ይቆጣል። አታውቂኝም፣ ነፍሰ ገዳይ ብሆንስ ነው የሚላት።

እሷ፦ ትወርዳለች። እዚህ ላይ በጣም አፍሬላት ነበር። በኋላ ግን አሰብኩ፦ በእኛ ቋንቋ «ደፋር» ሁለት ነገር ነው። ለልጅ «ጎሽ፣ ደፋር ነህ» እንላለን፤ ለማናውቃት ሴት ደግሞ «እንዴት ያለች ደፋር ናት!» እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። ክርስቲን በሁለቱም ደፋር ናት፤ ደራሲዋም አልደበቀችውም። ያላፈረ ሰው ወዳጅ ያገኘበትን ፊልም ብዙ ጊዜ አይተናል፤ እዚህ ግን ታፍራለች፣ ያማታል፣ እንደገና ትሞክራለች።

እሱ፦ የዓሣዋንስ ነገር?

እሷ፦ እኔ እዚህ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲበለት እያየሁ ነው ያደግኩት። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ በየቀኑ። ለዓሣ አልቅሼ አላውቅም። እዚህ ላይ አለቀስኩ። አንድ አባት ለልጁ የገዛትን ወርቃማ ዓሣ በላስቲክ ከነውኃዋ የመኪናው ጣሪያ ላይ ረስቷት ይነዳል። ክርስቲንና አዛውንቱ ከኋላ ያዩታል። ቢያፈጥን ትወድቃለች፤ ቢያቆምም ትወድቃለች። የምትተርፈው ፍጥነቱን ሳይቀይር ለዘላለም ቢነዳ ነው። ማዳን አይችሉም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ለዓሣዋ የስንብት ቃል ይናገሩላታል፤ ብቻዋን እንዳትሞት።

እሱ፦ ይሄን ሳይ አከራዬ ትዝ አሉኝ። እዚህ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ካርድ ከምገዛበት ሱቅ በቀር የማናግረው አልነበረኝም። አከራዬ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ናቸው። ጠዋት ጠዋት «ልጄ፣ ና ቡና ጠጣ» ይሉኛል፤ እኔ «ጠጥቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አልፋለሁ። አልጠጣሁም። ሰው ማስቸገር ይመስለኝ ነበር። አንድ እሑድ ቁልፌ ጠፍቶብኝ በራቸው ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። ረከቦቱ ላይ ሁለት ሲኒ ተቀድቷል። አንዱን ጠጥተውታል፤ ሁለተኛው ሞልቶ ቀዝቅዟል፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይዟል።

እሷ፦ ለአንተ ነው?

እሱ፦ አልጠየቅኳቸውም። ለባላቸውም ሊሆን ይችላል። ገብቼ ተቀመጥኩ። ያንን ደፉና ሲኒውን አለቅልቀው ቶናውን ቀዱልኝ። በረካው እስኪደርስ ብዙም አላወራንም።

እሷ፦ … ለአንድ ሰው ጀበና መጣድ ይከብዳል። እናቴም ብቻዋን ስትሆን አታፈላም።

እሱ፦ ፊልሙ ውስጥ ሲልቪ የምትባለው የጎረቤት ልጅም ሁለተኛ ሲኒ የምትቀዳ ትመስለኛለች። ገና ልጅ ናት፤ ወደፊት ለሚኖራት ባልና ሴት ልጅ የቤት ዕቃ እየገዛች በሣጥን ታስቀምጣለች። ፎጣው፣ መፍጫው፣ ሁሉም በሥርዓት።

እሷ፦ አያቴ ዳንቴል የምታስቀምጥበት ሣጥን ነበራት፤ እሱ ትዝ አለኝ። ግን ለአድማጮች አንድ ነገር ልበል፤ ፊልሙን ከልጆች ጋር ተቀምጣችሁ አትዩት። የማይመቹ ትዕይንቶች አሉት፤ አንዳንዶቹ ለእኔም ከብደውኛል፣ ባይኖሩ እመርጥ ነበር።

እሱ፦ በዚያ እስማማለሁ።

እሷ፦ ሌላም አለ። ገጸ ባሕርያቱ አብዛኞቹ ብቻቸውን በየክፍላቸው ናቸው። እዚህ በ2008 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ሴት ልጆች አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ፍራሹ ሳይቀዘቅዝ ይቀያየራሉ፣ ግን አይገናኙም። እሱን «ብቸኝነት» ማለት ይከብደኛል፤ ባይተዋርነት ነው። እነሱን የሚያሳይ ፊልም እፈልጋለሁ።

እሱ፦ እንዲህ ዓይነት ፊልም በትንሽ ነገር ይሠራል እኮ። መጨረሻውን አስቢ። ሮቢ፣ የሪቻርድ ትንሹ ልጅ፣ ጎሕ ሲቀድ የሆነ መታ መታ የሚል ድምፅ ተከትሎ ይወጣል። አንድ ሰውዬ ፌርማታ ላይ ቆሞ በሳንቲም ብረቱን ይመታል። ምን እያደረግህ ነው ሲለው፣ ጊዜ እያሳለፍኩ ነው ይለዋል። አውቶቡሱ ይመጣል፤ ሳንቲሟን ለልጁ ሰጥቶት ይሄዳል። ልጁ መምታቱን ሲቀጥል ፀሐይ ትወጣለች።

እሷ፦ ልጁ ሰውዬውን ያለ ምንም ሒሳብ ነው የጠየቀው። አንተም አንቱም አላስጨነቀው።

እሱ፦ አከራዬን እስካሁን «እርስዎ» ነው የምላቸው። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን «አንተ» ብለውኛል።

እሷ፦ በል፣ ማይኩን እንዝጋውና ወደ ፍቅር ሐይቅ በእግራችን እንውረድ። ዕድሜ ልክ ከየት ይጀምር?

እሱ፦ ከገብርኤል።