የአፊሌ ወንፊት፦ ሮም ውስጥ በየካቲት 12 መታሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህትና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው ሥራ ሰጥቶኛል። ቅዳሜ በአውቶቡስ አፊሌ እንሄዳለን፤ ከዚያ በፊት ስለ መንደሩ ታሪክና ስለሚታየው ነገር አስረዳ ተባልኩ። አስጎብኚ አይደለሁም። ግን ሄጄ አይቼዋለሁና እሺ አልኩ።

አፊሌ ከሮም በስተ ምሥራቅ፣ ከሱቢያኮ አለፍ ብላ ተራራ ላይ ያለች መንደር ናት። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 700 ሜትር ትሆናለች። ለኛ ለሸዋ ልጆች ይሄ ቆላ ነው፤ ለነሱ ግን ተራራ ነው። ሕዝቧ ሁለት ሺህ አይሞላም። ቼዛኔዜ የሚባል ቀይ ወይን አላት፤ ጠጅ ለለመደ አፍ ትንሽ ይጎመዝዛል።

አብዛኞቻችን አፊሌን የምናውቃት በአንድ ነገር ነው። እኔ ግን ከወንፊት ልጀምር።

የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ እንደጻፉት፣ ከ1,500 ዓመት በፊት ቤኔዲክቶስ የሚባል ወጣት የሮም ትምህርት አስጠልቶት ወጣና እዚህች መንደር አረፈ። ሞግዚቱም አብራው ነበረች። አንድ ቀን ስንዴ ልትነፋ ከጎረቤት ወንፊት ተዋሰች። ጠረጴዛ ላይ ትታው ወድቆ ለሁለት ተሰበረ። አለቀሰች። የሰው ዕቃ ነዋ! ልጁ ስባሪውን ይዞ ጸለየ፤ ወንፊቱ ደህና ሆኖ ተገኘ። የመንደሩ ሰው ወስዶ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሰቀለው። ቤኔዲክቶስ ግን ወሬው ሲበዛበት ሸሸ። ሱቢያኮ ዋሻ ገብቶ፣ መንኩሶ 3 ዓመት ተቀመጠ። ገደል ላይ የተለጠፈው ገዳም የተሠራው እዚያ ዋሻ ላይ ነው፤ እናየዋለን።

እና ከዓመታት በፊት ብቻዬን ሄድኩ። ወሩ ሐምሌ ነው። ሐምሌ ስላችሁ ያገራችን ሐምሌ እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። የወንፊቱን ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ግራ ቀኝ እያወዛወዙ። ልክ እንደ እናቴ። «የኛም እናቶች እንደዚሁ ነው የሚነፉት» አልኳቸው። ሳቁ። «ከየት ነህ?» አሉኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኩ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ መናፈሻው በኩል እያመለከቱ፣ «በዚያ አትሂድ ልጄ፣ መንገዱ ጭቃ ነው» አሉኝ።

ጭቃ! በዚያ ፀሐይ!

ሄድኩ እንጂ። የጭቃ ዘር የለም። ያለው በ2012 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ገንዘብ፣ በ127 ሺህ ዩሮ፣ ኢትዮጵያን ለፋሺስት ጣሊያን ይገዛ ለነበረው ለግራዚያኒ የቆመው ሐውልት ነው። ላዩ ላይ «አገር» እና «ክብር» ተብሎ ተጽፏል።

የማን አገር? የምን ክብር? አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፣ ቆሰለ፤ በዚያ ምክንያት አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ታረደች፣ ጎጆው ከነሰዉ ነደደ። አልበቃውም። ግንቦት ላይ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰቡትን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በካሚዮን አስጭኖ ላጋ ወልዴ በሚባል ስፍራ አስረሸናቸው። ወደ ሮም የላከው የራሱ ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ይላል። ይሄ እሱ ራሱ ያመነው ነው! በኋላ የተጠናው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ዲያቆናቱም አልተረፉም። ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ችሎት ፊት አልቆመም። በ1950 እ.ኤ.አ. 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ እሱንም በወራት ውስጥ ተፈታ።

መነኩሴ ያስጠለለች መንደር ለመነኩሴ ገዳይ ሐውልት ታቁም? ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ!

ግን እኛንም እወቅሳለሁ። እንሄዳለን፣ እንጮሃለን፣ ሐውልቱ ፊት ሴልፊ እንነሣለን፣ እንመለሳለን። ለአሮጊቷ ማን ነገራቸው? ሐውልቱ እንደሚያሳፍር ያውቃሉ፤ ባያውቁማ ጭቃ ባላሉኝ። ላጋ ወልዴን ግን አያውቁም። እዚህ አገር 40 ዓመት የኖርን አለን። ጣሊያንኛችን ስለ ላዚዮና ሮማ እግር ኳስ ስንከራከር እሳት ነው፤ እዚህ ላይ ሲደርስ ይተሳሰራል!

ስለዚህ ቅዳሜ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ ካርታ የሚጫወቱበት ባር። ቴሌግራሙን በጣሊያንኛ አትመናል። ቡና አዝዘን፣ ቁጭ ብለን፣ ረጋ ብለን እናስነብባቸዋለን። ሐውልቱ መጨረሻ።

በሐውልቱ ምክንያት ስለቀረበው ክስ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የቲቮሊ ፍርድ ቤት በአፊሌ ከንቲባ ላይ 8 ወር እስራት ፈርዶ ነበር፤ የቀረውን ከኔ ቀጥሎ ጠበቃው ወንድማችን ያስረዳል። ሱቢያኮ በ1465 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ የታተመበት ገዳምም አለ። ጊዜ ከተረፈ።

አውቶቡሱ በኛ ጠዋት 1 ሰዓት፣ በነሱ 7 ይነሣል። የአበሻ ቀጠሮ አይደለም፣ እትዬ፣ ወደ እርስዎ እያየሁ ነው። ደህና ጫማ አድርጉ። የካቲት ስለሆነ አሁን ጭቃው እውነትም ሊኖር ይችላል።