የፈረሴን ኮቴ ለማን ልስጥ?

(ምስል፦ አስፋልት ላይ የሚሄድ የጋሪ ፈረስ። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።)

ይህን ድምፅ ስሙት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አራቱም እኩል ነው።

አሁን ደግሞ ይህን። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... ቀ። አራተኛው እግር ፈራ ተባ እያለ ነው የሚረግጠው።

ሁለቱም የአንድ ፈረስ ድምፅ ነው። የኔው ዳማ ነው። በመሃላቸው ያለው ሁለት ቀን ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት የሆነው ነገር ቢኖር፣ አንድ ሰው መጥቶ የብረት ጫማ አድርጎለት ሄደ።

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ዓይነቱ ባለሙያ ነው። ኮቴ የሚቆርጥ፣ የሚሞርድ፣ ብረት የሚመታ ሰው። እኔ በዚህ ቪዲዮ «ኮቴ ሠሪ» እለዋለሁ። ጎበዙን እንዴት እናገኘዋለን? ካገኘነው በኋላስ እንዴት አይሸሸንም?

(ምስል፦ የኮቴ ሥዕል፣ ከጎን።)

መጀመሪያ ኮቴውን እንወቀው። ኮቴ እንደ ጥፍራችን ነው። በወር ቢያድግ ቢያድግ አንድ ሳንቲም ሜትር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ከላይ ከፀጉሩ ሥር የበቀለው ታች ጫፍ እስኪደርስ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ዛሬ ክፉኛ የተበላሸ ኮቴ ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ያን ያህል ትጠብቃላችሁ ማለት ነው።

ገጠር አፈር ላይ የሚውል ፈረስ ብዙ ጊዜ ባዶ ኮቴውን ይኖራል። ጣጣው ከተማ ነው። አስፋልትና ኮብልስቶን ኮቴን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ከሚያድገው የሚያልቀው ሲበልጥ ብረት የግድ ይሆናል።

ብረት ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ኮቴው ከሥር አይበላም፤ ማደጉን ግን አያቆምም። ስለዚህ ይረዝማል። የፊቱ ይወጣል፣ ተረከዙ ይወድቃል፣ ጅማቱ ይጨነቃል። ለዚህ ነው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ብረቱ ተነቅሎ ኮቴው መቆረጥ ያለበት። ብዙ ባለጋሪ «ብረቱ መች አለቀና!» ይላል። የብረቱ ማለቅ አይደለም ጉዳዩ። የኮቴው ማደግ ነው።

(ምስል፦ ኮቴው ከሥር። ነጩ መስመር በቀይ ይከበባል።)

ይችን ነጭ መስመር አያችኋት? ከእሷ ውጭ ያለው ግድግዳ ስሜት የለውም። ከእሷ ወደ ውስጥ ሥጋ አለ፣ ደም አለ፣ ነርቭ አለ። የኮቴ ሠሪ ሙያ ግማሹ ያለው እዚህ ነው። ሚስማሩ በውጭኛው በኩል ገብቶ፣ በግድግዳው ጎን ወደ ላይ ብቅ ማለት አለበት። ከዚያ ጫፉ ይቆረጥና ወደ ታች ይታጠፋል።

የፈረስ ሚስማር ጫፉ በአንድ በኩል ሰያፍ ነው። ያች ሰያፍ ሚስማሩን ወደ ውጭ እንዲወጣ ትገፋዋለች። የቤት ሚስማር ይህ የለውም። ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይሄዳል። እኔ ይህን የተማርኩት በዳማ እግር ነው።

ያ ለዳማ ጫማ ያደረገለት ሰውዬ ፈጣን ነበር። ዋጋውም ቀነስ ያለ ነው። ከፌሮ ቁራጭ የቀጠቀጠውን ብረት ከኪሱ በሚያወጣው የቤት ሚስማር ጠቅ ጠቅ አድርጎ በግማሽ ሰዓት ጨረሰ። እኔም ደስ ብሎኝ ሸኘሁት። በሁለተኛው ቀን ፈረሴ አነከሰ። ኮቴውን በእጄ ስነካው ይፋጃል። የእንስሳት ሐኪም ጠራን፣ ሚስማሩ ተነቀለ፣ ቀዳዳው በአዮዲን ታጠበ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ተወጋ። መርፌውን እንዳትንቁት፤ ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ለመንጋጋ ቆልፍ ተጋላጭ ነው። ጋሪው ሦስት ሳምንት ቆመ። የቆጠብኳት ብር የት እንደገባች እናንተው አስሉት።

በነገራችን ላይ ፌሮው በራሱ ጥፋት የለበትም። በደንብ ተቀጥቅጦ ጠፍጣፋ ከሆነና በኮቴው ልክ ከታጠፈ ይሠራል። ጥፋቱ ብረቱን ለኮቴው መሥራት ሲገባ፣ ኮቴውን ሞርዶ ለብረቱ ማስተካከል ነው።

(ምስል፦ የጋሪ ተራ፣ ጠዋት።)

እና ጎበዙን የት ነው የምናገኘው? ጋሪ ተራ ሂዱ። ግን ሰው ብቻ አትጠይቁ፣ ሰው የዘመዱን ስም ነው የሚሰጣችሁ። ፈረሶቹን ጠይቁ። ትናንት ጫማ የተደረገለትን ሳይሆን፣ ከተደረገለት አምስት ሳምንት የሆነውን ፈልጉ። ትናንት የተሠራማ ሁሉም ያምራል። በአምስተኛው ሳምንት ሚስማሩ ካልላላ፣ ግድግዳው ካልተሰነጠቀ፣ ፈረሱም ሶምሶማ ሲሄድ ራሱን ከፍ ዝቅ ካላደረገ፣ ያን ጊዜ «ማነው የሠራለት?» በሉ። አካባቢያችሁ ያለ የእንስሳት ሐኪምም ያውቃል። የማን ሥራ ተበላሽቶ እንደሚመጣለት ከእሱ በላይ ማን ያያል?

ሰውየው ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አስተውሉ። መዶሻ ካነሳ ተጠንቀቁ። «እስቲ አስኪደው» ካለ ልባችሁ ይረፍ። ፈረሱን ከፊትም ከኋላም ሆኖ ሲራመድ ያያል። እግሩን አንስቶ ያሸታል። አዎ፣ ያሸታል። በተለይ ክረምት ላይ፣ በረቱ ጭቃና ሽንት ከሆነ፣ የኮቴው መሃል ያለችው ላስቲክ የመሰለች ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍል ትበሰብስና ጥቁር ፈሳሽ አውጥታ ትከረፋለች። ጎበዝ ኮቴ ሠሪ ይህን ሳያይ ብረት አይመታም። ያችንም ክፍል እንደ ሽንኩርት አይልጣትም፤ የሞተውን ብቻ ያነሳላታል።

(ምስል፦ ጥላ ሥር የቆመ ፈረስ፣ አጠገቡ ሽማግሌ ባለሙያ።)

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ሰውየውን ማቆየት።

አሁን የሚሠሩልኝ ሽማግሌ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ዳማ አላስነካም አለ። እግሩን ይነጥቃል፣ ይገፋል። ጋሼ መሣሪያቸውን መልሰው ከረጢት ውስጥ ከተቱና «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ኮቴ ልሠራ ነው፣ ልታገል አይደለም። አስተምረውና ጥራኝ» ብለውኝ ሄዱ። ተናደድኩ። ግን እውነታቸውን ነው። የሰውየው ጀርባ ነው የሚጎዳው፣ ርግጫውም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት እግሩን እያነሳሁ፣ ኮቴውን በዱላ ጫፍ መታ መታ እያደረግሁ አለማመድኩት። ዛሬ ራሱ ያነሳል።

ጋሼ ሲመጡ ፈረሱ ታጥቦ፣ እግሩ ደርቆ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ጥላ ሥር ይጠብቃቸዋል። ልጓሙን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ልጅ አላስይዝም። ሒሳቡ ሥራው ሳይጀመር ይነገራል፣ እንዳለቀ ይከፈላል። «ነገ ና» የለም። ሳይሄዱም ቀጣዩን ቀን እንቆርጣለን።

አንድ ፈረስ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ዘዴ አለ። እኛ ሰፈር አራት ባለጋሪዎች እንደ ዕቁብ ተደራጅተናል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን፣ በሰባተኛው ሳምንት ጋሼ መጥተው የአራታችንንም ፈረስ በአንድ ቀን ይሠራሉ። ለእሳቸው መንገዱ ያዋጣል፣ እኛም ገንዘብ የለኝም ብለን አናራዝምም።

አፋችንንም እንጠብቅ። ብረት ሠሪ በአገራችን ሲሰደብ የኖረ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዛሬም ግን «ቀጥቃጭ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚወረውር አለ። ተሰድቦ ተመልሶ የሚመጣ ባለሙያ ያለ አይምሰላችሁ።

ሥራው ሲበላሽስ? ጋሪ ተራ ከማማት በፊት ለራሱ ደውሉ። ደህናው «መጣሁ» ይላል። ፈረስ የሚደበድብ ወይም ጥፋቱን ሁሌ በፈረሱ የሚያሳብብ ከሆነ ግን ሸኙት።

(ምስል፦ ጋሼ የመጨረሻውን ሚስማር አጥፈው ቀና ይላሉ።)

ያው እንግዲህ፣ የዛሬው ሰባተኛ ሳምንታችን ነው። ቡናው ቀርቧል። ጋሼ ግን ገና አልተቀመጡም። «እስቲ አንዴ አስኪደው» ይሉኛል።

(ድምፅ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።)