የግሬቪ የሜዳ አህያ፦ የውሃ ጉድጓድ ጉዳይ

[ምስል፦ አላይደጌ ሜዳ፣ አፋር። አንዲት የሜዳ አህያ ቆማለች፤ ካሜራው ቀስ እያለ ይጠጋል]

ጆሮዋን ተመልከቱ። ትልቅና ክብ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ጎኗ እንለፍ፤ ጥቋቁር መስመሮቿ ቀጫጭንና የተጠጋጉ ናቸው፤ ሆዷ ግን ንጹሕ ነጭ ነው። በየፓርኩ በብዛት ከምትታየው የሜዳ አህያ የምትለየው በእነዚህ ነው። በዱር ከሚኖሩ የፈረስና የአህያ ዘመዶች ሁሉ በአካል የሚተካከላት የለም፤ ወንዱ እስከ 450 ኪሎ ግራም ይመዝናል።

ስሙ የመጣው በስጦታ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ እንስሳ ላኩ። ተመራማሪው ኤሚል ኡስታሌ እ.ኤ.አ. በ1882 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን ጽፎ በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየመው። ሰጪው ተረስቶ ተቀባዩ በስም ቀረ።

[ምስል፦ የኢትዮጵያና የኬንያ ካርታ]

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ 15,000 ገደማ ይገመት ነበር። ዛሬ 3,000 ገደማ ነው። አብዛኛው ያለው በሰሜን ኬንያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የቀረው በአላይደጌ፣ በጨው ባሕር ዙሪያና በቦረና ሳሪቴ ነው፤ ተደምሮም ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። ከሶማሊያ ጨርሶ ጠፍቷል።

መጀመሪያ የጎዳው ቆዳው ነው፤ በውጭ ገበያ እጅግ ይፈለግ ነበር። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከለከለች። አዳኙ ቢሄድም ቁጥሩ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ምክንያቱን ለማየት ወደ ውሃው መሄድ ያስፈልጋል።

[ምስል፦ የደረቀ የአሸዋ ወንዝ፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የፍየልና የግመል ኮቴ]

የግሬቪ የሜዳ አህያ እስከ አምስት ቀን ያለ ውሃ መቆየት ይችላል። የምታጠባ እናት ግን አትችልም፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መጠጣት አለባት። ውርንጭላዋ እስከ ሦስት ወር ገደማ ውሃ ስለማይጠጣ፣ ከሌሎች ውርንጭሎች ጋር ትታው ትሄዳለች። ቀን ቀን ጉድጓዱን ከብት ከከበበው ሌሊት ትመጣለች፤ ሌሊት ደግሞ የአንበሳና የጅብ ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር እናትም ውርንጭላም ይጎዳሉ። በአፋር በኩል ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ቁጥቋጦ የሣሩን ሜዳ እየዋጠው ነው። አርብቶ አደሩን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ እሱም ከብቱን ይዞ ሣርና ውሃ እየፈለገ ነው።

[ምስል፦ የእንስሳት ማቆያ፤ ድርቆሽ የምትበላ እናት]

በአውሮፓና በአሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ። ድርቆሹ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ሐኪም አለ፣ አንበሳ የለም። ማን ከማን ጋር እንደሚዳቀል በትውልድ መዝገብ ይወሰናል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይዳቀል። እርግዝናው 13 ወር ገደማ ስለሚወስድ መንጋው የሚበዛው በዝግታ ነው። መጠባበቂያነቱን አልነቅፍም። ነገር ግን የዱሩ የሜዳ አህያ በደረቀ ወንዝ አሸዋ በኮቴው ቆፍሮ ውሃ ያወጣል፤ በአጥር ውስጥ ይህን የሚጠይቀው የለም።

[ምስል፦ ፎቶግራፍ አንሺዎች፤ በስክሪን ላይ የሚመሳከሩ መስመሮች]

ቆጠራው የራሱ ዘዴ አለው። የሁለት እንስሳት መስመር አይመሳሰልም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2018 በጎ ፈቃደኞች ወጥተው ቀኝ ጎናቸውን ብቻ ፎቶግራፍ አነሡ፤ የአንዱ እንስሳ ግራና ቀኝ ስለሚለያይ፣ ሁለቱን መቀላቀል አንዱን ሁለት ጊዜ ያስቆጥራል። ፎቶግራፎቹን ኮምፒውተር አመሳከራቸው። የ2018ቱ ግምት 2,812 ነበር።

[ምስል፦ ሳምቡሩ፣ ምሽት]

በሰሜን ኬንያ በሳምቡሩ እረኞች የቆፈሩትን ጉድጓድ ሲመሽ በእሾህ ያጥሩታል። የጥበቃ ሠራተኞች ከእነርሱ ጋር ተነጋግረው በአንዳንድ ቦታ እሾሁ ሌሊት እንዲነሣ ተስማምተዋል፤ ከብቱ ቀን፣ የሜዳ አህያው ሌሊት ከአንድ ጉድጓድ ይጠጣሉ።