ታንኳ የቀዘፈው ጉማሬ

የተከበራችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ።

«ጋሼ፣ የክረምቱን ስልጠና በፓርቲሲፒያል ፍሬዝ ይክፈቱልን» ስትሉኝ ሳቄ መጣ። ግማሾቻችሁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የቀራችሁት ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር አብራችሁኝ የጠመኔ ብናኝ ውጣችኋል። ፓርቲሲፒያል ፍሬዝ እንደ «ሮዊንግ»፣ እንደ «ሜድ» ባለ፣ ባለቤቱን በማይናገር የግስ መልክ የሚጀምር ሐረግ መሆኑን፣ ሕጉንም ታውቃላችሁና አላነብላችሁም። አንድ ልጅ ላንሳ።

ልጁ ከዘጌ ነው የመጣው፤ 9ኛ ክፍል፣ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርበት። «ያጋጠመህን ጻፍ» ብለው፣ ታንኳ ሲቀዝፍ ጉማሬ ብቅ እንዳለበት ሊነግረኝ «ሮዊንግ ማይ ታንኳ፣ ኤ ሂፖ አፒርድ» ብሎ አመጣልኝ። ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩና «የሚቀዝፈው ጉማሬው ነው እንዴ?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አልበቃኝም፤ መቅዘፊያ የጨበጠ ጉማሬ ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። ጆሮውን ሳይቀር! ጎበዝ መምህር የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ልጁ ዓመቱን ሙሉ እጁን አላወጣም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ማታ ደብተር ሳርም ነው የገባኝ። ልጁ በልቡ ያለው «ታንኳዬን እየቀዘፍኩ ጉማሬ ብቅ አለ» ነው። ምን ስህተት አለው? ቀዛፊው ማን እንደሆነ ያቺ «ኩ» ተናግራለች። የእኛ ግስ ባለቤቱን አዝሎ ነው የሚዞረው። ቦዝ አንቀጹንም፣ ያንን ዓረፍተ ነገሩን ሳይዘጋ ወደ ሌላ ግስ የሚያሻግረውን ግስ፣ እዩት፦ ቀዝፌ፣ ቀዝፈህ፣ ቀዝፋ፣ ቀዝፈን። «ጀልባው መጥቶ ተሳፈርን» ስንል የመጣው ሌላ፣ የተሳፈርነው ሌላ፤ ማንም አይደናገርም። የእንግሊዝኛው «ሮዊንግ» ግን ባዶ እጁን ነው፤ እኔ፣ አንቺ፣ እነሱ የሚል ምልክት የለውም። ስለዚህ ከኮማው ማዶ የቆመውን ባለቤት ይይዛል። ማዶ የቆመው ጉማሬ ከሆነ መቅዘፊያው የጉማሬው ነው። ልጁ ከኮማው በኋላ «አይ ሶው ኤ ሂፖ» (ጉማሬ አየሁ) ቢል፣ ወይም «አዝ አይ ወዝ ሮዊንግ» (እኔ እየቀዘፍኩ ሳለሁ) ብሎ ቢጀምር መቅዘፊያው ይመለስለት ነበር።

ይህን ለማስረዳት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ግን በአማርኛ! ያኔ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ተማሪ ይቀጣል፤ መምህሩም ይገሠጻል። ዛሬም የምትቀጡ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። አንገታችሁን አትድፉ፣ አውቃችኋለሁ! ልጁ ቦዝ አንቀጹን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶት መጥቷል። እናንተ «በር ላይ ጥለኸው ግባ» ትሉታላችሁ፤ ከዚያ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ «የዘንድሮ ልጆች ግራመር አይገባቸውም» እያላችሁ ታሙታላችሁ! ያልገባው ማን ነው?

እሺ፣ ውሃ ልጠጣ።

የቀረው ቀላል ነው። «ሜድ ኦፍ ፓፒረስ፣ ዘ ታንኳ ፍሎትስ» ያው ከደንገል የተሠራው ታንኳ ነው፤ ድርጊቱ የደረሰበት ሲሆን ፓስት ፓርቲሲፕል። ቀድሞ ያለቀ ሥራ ከሆነ «ሃቪንግ» ይቀድማል። «ሮዊንግ ኢዝ ሃርድ» (መቅዘፍ ከባድ ነው) ላይ ያለው «ሮዊንግ» ግን ጄረንድ፣ ማለትም እንደ ስም የሚያገለግል ግስ ነው፤ በእኛ «መቅዘፍ»፣ ንዑስ አንቀጽ። መልኩ አንድ ስለሆነ ተማሪ ያምታታዋል፤ አማርኛው ይለይለታል። ስለ ኮማው ከሰዓት በኋላ ያለው አሰልጣኝ ይነግራችኋል፤ እኔ በኮማ ትዕግሥት የለኝም።

ወረቀቱ ይታደል። አምስት ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፏቸው። ጉማሬው ሁለተኛው ላይ ነው።