የአባባ ላዳ እና ያቺ ጠቅታ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ካፊያ አለ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ ሳይሰማችሁ አይቀርም። እንዲህ ሲያካፋ ሁሌ አንድ ድምፅ ይመጣብኛል፤ ከአባባ ላዳ ዳሽቦርድ ሥር የምትሰማ «ጠቅ»። አባባ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ይነዳ ነበር። ጠቅ ትላለች፣ ዋይፐሩ አንዴ ጠርጎ ይመለሳል፣ ከዚያ ዝም። ወሬ ይዘን ስንረሳት ደግሞ ጠቅ።

ምንድን ናት ብዬ ስጠይቀው «ሪሌው ነው» አለኝ፣ በቃ። ሪሌ ማለት በኤሌክትሪክ የሚነሣ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እኔ ግን ሰዓት የሌለው ነገር እንዴት ጊዜ እንደሚቆጥር አልገባኝም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ፣ አንድ የድሮ ላዳ ሪሌ በካቻቪቴ ስከፍት ነው። ውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ምላስ አለ፤ ማሞቂያ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሲሞቅ አንዱ ብረት ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ይታጠፍና መስመሩን ይቆርጣል። ሲበርድ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ዋይፐሩም ይነሣል። ያ ሁሉ ዝምታ ለካ ብረት እስኪበርድ የሚፈጀው ጊዜ ነው!

በኋላ የመጡት ሪሌዎች ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅም ካፓሲተር ይሠራሉ፤ ፍሰቱን በሚገድብ ሬዚስተር በኩል ቀስ እያለ ይሞላል፣ ሲበቃው ትራንዚስተር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ሪሌውን ያስነሣል። አሜሪካዊው ሮበርት ከርንስ ለእንዲህ ያለው አሠራር ፓተንት ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በሠርጉ ምሽት የሻምፓኝ ቡሽ አንድ ዓይኑን ጎድቶት ነበርና፣ ዋይፐር እንደ ዓይን ሽፋን ለምን አረፍ እያለ አይሠራም ብሎ አሰበ። በዚሁ ፓተንት ከመኪና አምራቹ ፎርድ ጋር ተካስሶ እ.ኤ.አ. በ1990 10.2 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ዋይፐሩ የሚቆምበት መንገድ ነው። ሪሌው ዋይፐሩን ያስነሣል እንጂ አያደርሰውም። ሞተሩ ላይ ከጥርሱ ጋር የሚዞር ሌላ ማብሪያ አለ፤ ሪሌው ቢለቅም ዋይፐሩ መስታወቱ ግርጌ እስኪደርስ መብራት የሚሰጠው እሱ ነው። እዚያ ሲደርስ የሞተሩ ሁለት ጫፎች በሪሌው በኩል ይገናኛሉ። ሞተሩ ገና እየዞረ ስለሆነ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ያው ኤሌክትሪክ መልሶ ይይዘዋል። ቀጥ!

ይህን ቀድሜ ባውቅ ገንዘቤ ይተርፍ ነበር። የመጀመሪያ መኪናዬ ዋይፐር አረፍ እያለ መጥረጉን ሲተው አንድ ጋራዥ ሞተሩ ተቃጥሏል አለኝ፣ ገዛሁ። በዝግታውም በፈጣኑም እኮ ደህና ይሠራ ነበር! ሞተሩ ቢቃጠል እነዚያስ እንዴት ይሠራሉ? ችግሩ ሪሌው ውስጥ የተሰነጠቀች አንዲት ብየዳ ነበረች።

ያቺን የላዳ ሪሌ ባለፈው ለአባባ ወሰድኩለት። ባትሪ አገናኘሁና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ጠቅ አለች። ምንም አልተናገረም፣ ሁለተኛዋን እየጠበቀ ነበር። ጠቅ።

«ብርድ ሲሆን» አለኝ፣ «ቶሎ ቶሎ ትል ነበር»።