የመጨረሻው መንጋጋ ሲነቀል

(ስክሪኑ ላይ፦ ሙሉ አፍ የሚያሳይ ራጅ። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ወደ ፊት ተጋድሟል።)

ይህን ራጅ ልብ ብላችሁ እዩት። ከኋላ፣ ጥጉ ላይ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው የተጋደመ ጥርስ አለ። ብዙ ሰው የጥበብ ጥርስ የሚለው ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይወጣል፤ ከሁሉም ዘግይቶ ስለሚመጣም ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። መንጋጭላው ከጠበበው ግማሹ ወጥቶ ይቀራል፣ ወይም ድድና አጥንት ውስጥ እንደተቀበረ ይቆያል።

በብዛት የሚያሰቃየው ግማሹ የወጣው ነው። በጥርሱና በላዩ ባለው ድድ መካከል ምግብ ይገባል፣ ብሩሽ አይደርስበትም፣ ያመረቅዛል። አፍ መክፈት ይከብዳል፤ ሕመሙ እስከ ጆሮ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ፋርማሲ ገብተን አሞክሳሲሊን እንገዛለን። እብጠቱ ይቀንሳል፣ "ተሻለኝ" ብለን እንተወዋለን፣ ከወራት በኋላ ያው ሕመም ይመለሳል። መድኃኒቱ ምግብ የሚገባበትን ክፍተት አይዘጋውምና።

እባካችሁ በዚህ አትቀልዱ። የታችኛው መንጋጋ ኢንፌክሽን ወደ አንገት ሊወርድ ይችላል። ከአገጭ ስር ካበጠ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

ሁሉም ይነቀል ማለት ግን አይደለም። ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ብሩሽ የሚደርስበት፣ የማያም ጥርስ ይቆይ። እ.ኤ.አ. በ2000 የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ፣ የተቀበረ ነገር ግን ምንም ችግር የሌለበትን መንጋጋ እንዲሁ ለጥንቃቄ መንቀል እንዲቀር አሳስቧል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ገና በወጣትነት ማስነቀል የተለመደ ነው። እዚያ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁን ሳያመው "አራቱም ይውጡ" ስትባሉ የእያንዳንዱን ምክንያት ጠይቁ፤ ራጁ ላይም ያሳዩአችሁ። መጠየቅ ነውር የለውም።

ራጁ ሌላም ነገር ያሳያል። በታችኛው መንጋጭላ ውስጥ ወደ ከንፈር የሚሄድ ነርቭ አለ። የጥርሱ ሥር ከተጠጋው፣ ከነቀላው በኋላ የታችኛው ከንፈርና አገጭ ደንዝዞ ሊቆይ ይችላል። አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ ግን እንደደነዘዘ ይቀራል። ይህን ሐኪሙ ከመንቀሉ በፊት ሊነግራችሁ ይገባል።

(ስክሪኑ ላይ፦ የጥርስ ሕክምና ወንበር።)

የሚደነዝዘው አፋችሁ ብቻ ከሆነ በልታችሁ ሂዱ። በጾም ወቅት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጉዳዩ ካላጣደፈ ቀጠሮውን ከምግብ ሰዓታችሁ ጋር አስማሙት፤ በባዶ ሆድ ወንበሩ ላይ የሚያዞረው ሰው አለ፣ ኢቡፕሮፌንም በባዶ ሆድ አይመከርም። ሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደማትበሉ ይነገራችኋል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ካለ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

መርፌው ይወጋል፤ ያ አይደበቅም። ከደቂቃዎች በኋላ ከንፈራችሁ ይከብዳል፣ ስትነኩት የሰው ገላ ይመስላችኋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ግፊት እንጂ ሕመም መሆን የለበትም። ካመማችሁ እጃችሁን አንሱ፣ ማደንዘዣ ይጨመርላችኋል። የተቀበረ ጥርስ ከሆነ ድዱ ይከፈታል፣ ከዙሪያው ጥቂት አጥንት ይነሳል፣ ጥርሱም ተቆራርጦ ይወጣል። ሲሰነጠቅ የሚሰማው "ቀጭ" የሚል ድምፅ በአጥንት አልፎ ጆሯችሁ ስለሚገባ መንጋጭላችሁ የተሰበረ ይመስላል። የተሰነጠቀው ጥርሱ ነው።

ስትጨርሱ ጎዝ ያስነክሷችኋል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳታወሩ፣ እያነሳችሁም ሳታዩ፣ አጥብቃችሁ ያዙት። ቀዳዳው ውስጥ የሚረጋው ደም ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ ይወስናል፤ የተራቆተውን አጥንት የሚሸፍነው እሱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አትጉመጥመጡ፣ በኃይል አትትፉ፣ በስትሮ አትጠጡ። ሲጋራ፣ ሺሻና ጫት ለቀናት ይቅሩ። የረጋው ደም ተነቅሎ ከወጣ፣ ሊቀንስ የሚገባው ሕመም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይብስና ጆሮ ድረስ ይወጋል፣ አፍም ይሸታል። ይህ ሲሆን ሌላ ማስታገሻ ፍለጋ አትዙሩ፤ ወደ ነቀለላችሁ ሐኪም ተመለሱ። ቀዳዳውን አጥቦ መድኃኒት ሲያኖርበት ብዙ ይቀልላችኋል።

እብጠቱ የሚበረታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ከነገሯችሁ በላይ አብጧል ብላችሁ አትደንግጡ። በመጀመሪያው ቀን በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጉንጫችሁ ላይ እያደረጋችሁ አንሱ። ለሕመሙ ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አብረው ጥሩ ይሠራሉ፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ግን ኢቡፕሮፌን አትውሰዱ። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ከምግብ በኋላ አፋችሁ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀዘቀዘ አጥሚት፣ እርጎ፣ አልጫ ሾርባ፣ በርበሬ ያልገባበት ገንፎ ይበቃል። ትኩስ ቡና፣ ሚጥሚጣና ቆሎ ይቆዩ። ሊጠይቁ የመጡ እናት ወይም አባት "አረቄ ያዝበት"፣ "ነጭ ሽንኩርት ክተትበት" ቢሉ ለፍቅራቸው አመስግኑና ተዉት፤ ሁለቱም ቁስሉን ያቃጥሉታል። ትኩሳት ከያዛችሁ፣ መግል ካያችሁ፣ ጎዝ አጥብቃችሁ ነክሳችሁም ደሙ ካልቆመ ደውሉ።

(ስክሪኑ ላይ፦ የዳነ ድድ፣ ከላዩ ትንሽ ጎድጓዳ።)

ድዱ የተሰፋበት ክር የሚሟሟ ካልሆነ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይወጣል። ቀዳዳው ግን ገና ነው፤ ድዱ በሳምንታት፣ ውስጡ ያለው አጥንት በወራት ይሞላል። እስከዚያ ምግብ ይገባበታል። በስንጥር አትቆፍሩት። ሐኪሙ ሲፈቅድላችሁ መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት።