ዳማከሴው ስንት ግራም ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ይቅርታ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳወራ ነው የዋልኩት። መስኮቱን ልዘጋው ነበር፣ ቤቱ ይታፈናል። ስለዚህ ከታች ወያላው "ለገሃር፣ ለገሃር" ሲል ብትሰሙ እንዳትደነግጡ። የፕሮግራሙ አካል አድርጉት።

አዲስ ለሆናችሁ፣ ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት መጡ። የደም ግፊት ክኒናቸውን በየወሩ ከእኛ ነው የሚወስዱት። አምሎዲፒን፣ 5 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ። ሰጠኋቸው። አልሄዱም። ወረፋው እስኪቀልል ጠበቁና ከነጠላቸው ሥር ጥቁር ፌስታል አወጡ። ገና ሲፈቱት ሽታው ቤቱን ሞላው። ዳማከሴ። ጤዛው እንኳ አልደረቀም።

"ልጄ፣ ምች መታኝ መሰለኝ። ከንፈሬን እስቲ እዪው። ይቺን ጨምቄ በቡና ልጠጣት ነው። ካንቺ መድኃኒት ጋር ትጣላ ይሆን?"

"ምን ያህል ነው የሚጠጡት እማማ?"

"እንደ በሽታው ነዋ!"

አሁን እዚህ ጋ ቆም እንበል። እኔ አምስት ዓመት የተማርኩት ይህችን "ምን ያህል" የምትባል ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዳማከሴ አይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳት ሲያወርድ ታይቷል። እማማ ግን አይጥ አይደሉም። ቅጠሉ ይሠራል ወይስ አይሠራም ከሚለው በላይ እኔን የሚያስጨንቀኝ ስኒው ውስጥ ስንት እንደገባ ነው። ያው ተክል ከክረምት በኋላ ሲቆረጥና በበጋ ሲቆረጥ በውስጡ የያዘው እኩል አይደለም። ኮሶን አስቡት። ትሉን ያወጣል፣ አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ የደፈሩት በእሱ ተማምነው ነው። ሲበዛ ደግሞ ዓይን ይጎዳል። ያዳነውንና የጎዳውን የሚለየው ልኩ ነው።

በነገራችን ላይ "ክኒን" የሚለው ቃላችን ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከኪኒን ነው። ከወባ መድኃኒቱ። ኪኒንን በ1820 ሁለት የፈረንሳይ ሰዎች፣ ፔሌቲዬና ካቫንቱ፣ ሲንኮና ከሚባል የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ልጣጭ ለይተው አወጡት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትምታቱ። እና እኛ የራስ ምታቱንም የግፊቱንም "ክኒን" ባልን ቁጥር ሳናውቀው የልጣጭ ስም እየጠራን ነው።

ልጣጩን ክኒን ማድረግ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ሞክሬ ተዋርጃለሁ።

የመመረቂያ ሥራዬ ግራዋ ላይ ነበር። ቅጠሉን አደረቅኩ፣ ፈጨሁ፣ በአልኮል ዘፈዘፍኩ፣ አጠለልኩ፣ አልኮሉን አተነንኩ። ወሩ ነሐሴ ነው፣ የአዲስ አበባ ነሐሴ። ጠዋት ላይ ደረቅ፣ እንደ ብስኩት የሚሰባበር ነገር ሳህን ላይ ትቼ ወጣሁ። ከምሳ ስመለስ ሙጫ ሆኖ ጠበቀኝ! እርጥበቱን ከአየር ጠጥቶት። ማንኪያው ተጣብቆ አልወጣም። እንደምንም ዱቄት ቀላቅዬ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ግማሹ ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ቀረ። የወጡትም ጥቂት ክኒኖች አናታቸው እንደ ቆብ ብድግ ይል ነበር። ቆብ ያላወለቁትን ስድስቱን ወደ መፈራረስ ፈተና ወሰድኳቸው። 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይደረጋሉ፤ እንዲህ ያለ ሽፋን የሌለው ክኒን በ15 ደቂቃ መፈረስ አለበት። የእኔዎቹ ከአንድ ሰዓት በኋላም እንደ ባቄላ ድርቅ ብለው ይንሳፈፋሉ። አማካሪዬ አየና "ይሄን የዋጠ ሰው እንደዋጠው ያወጣዋል" አለኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ለዚህ ነው የመተሬ ነገር የሚገርመኝ። መተሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ለኮሶ ትል የሚወሰደው ፍሬ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ይህን ፍሬ ክኒን አድርገውታል፤ ሥራው በ2008 ታትሟል። የገጠማቸው ጣጣ የእኔው ነው፤ ከፍሬው የወጣው ነገር እርጥበት ይስባል። ምን አደረጉ? ያንን ተጣባቂ ነገር ሲሊካ በሚባል ልም ዱቄት ላይ ጫኑት። ውሃ ሳያስነኩ በደረቁ ጨመቁት። ከዚያ ክኒኑን ጨጓራ ላይ የማይፈታ፣ አንጀት ሲደርስ ብቻ የሚከፈት ልባስ አለበሱት። ትሉ ያለው አንጀት ውስጥ ነዋ!

ሌላም ልጨምር፣ ይሄኛው የኩራት ነው። ክኒን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ የሚበዛው ሌላው ነገር ነው፤ ማያያዣው፣ ማፍረሻው። ለዚህ በዓለም ላይ የሚዘወተረው የበቆሎና የድንች ስታርች ነው። የአገራችን የእንሰት ስታርች ደግሞ ተሞክሮ ክኒን ሲያያይዝም ሲያፈርስም እንደሚሆን በ1996 ታትሟል። የቡላችን ዘመድ እኮ ነው! ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቡላ ገንፎ ስበላ ዝም ብዬ አልበላም፣ ቤተሰቡን አሰለቻለሁ።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልናገር። ስልክ ላይ "ሰባት በሽታ በአንድ ጠርሙስ" እያሉ የሚሸጡትን አልወድም። ቅጠል ሲባል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ የሙያ ጓደኞቼንም እንደዚያው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። መድኃኒቱን የደበቀስ? አዋቂው ለሚወደው አንድ ልጁ ብቻ ነግሮ ይሞታል። ልጁ ሳይነገረው አባት ከሞተ ደግሞ አለቀ፣ ቅጠሉ ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ።

ቻይናዊቷን ቱ ዩዩን አስቡ። በ2015 ኖቤል የተሸለመችው። ለወባ የሚሆነውን መድኃኒት አርጢሚሲያ ከሚባል ተክል እያፈላች ስታወጣው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ከዚያ ገ ሆንግ የሚባል የአራተኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም የጻፈውን አገኘች። አንድ እፍኝ ቅጠል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። አፍላው አይልም! ሙቀቱ ነበር መድኃኒቱን የሚገድለው። ቶሎ በሚተን ኤተር፣ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፣ ሆነላት። ዛሬ ወባ የያዘው ሰው የሚወስደው ኮአርተም ከዚያ የመጣ ነው።

ጨምቀህ ጠጣ። እማማም ያሉኝ "ጨምቄ" ነው፤ "አፍልቼ" አላሉም። እፍኙም አለ።

ወደ እሳቸው ልመለስ። ክኒናቸውን እንዳያቋርጡ ነገርኳቸው፣ ግፊታቸውን ለካሁላቸው፣ ትኩሳቱ ሁለት ቀን ካለፈ ሐኪም ጋ እንዲሄዱ አስማልኳቸው። ዳማከሴውን ግን ዝም ብዬ ልሸኘው አልቻልኩም። ጓዳ ትንሽ ሚዛን አለችን። "እስቲ የሚጨምቁትን ያህል በእጅዎ ይያዙልኝ" አልኳቸው። ያዙ። 11 ግራም። እኔም በእጄ ያዝኩ። 19።

"አዩ እማማ፣ ይሄ እኮ ነው ችግሩ። እፍኝ የሚባል ልክ የለም፤ የእኔ የእርስዎን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።"

ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። እኔ ረዥም ነኝ፣ ኪሎም አለኝ። እሳቸው ቀጫጫ ናቸው።

"ታዲያ አንቺ የኔን እጥፍ አይደለሽ እንዴ? ያንቺ በሽታ ባንቺ እጅ፣ የኔ በኔ። ለሕፃን ደግሞ በሕፃኑ እጅ ነው የምንለካው።"

እኛ ለሕፃናት በኪሎ ይህን ያህል ሚሊግራም እያልን ነው የምናሰላው። ካልኩሌተር አውጥተን። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እማማ ዳማከሴያቸውን ፌስታሉ ውስጥ መለሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ።

"ለሚዛኑስ ስንት ነው?"